እግር ጣት የሚደርስ መርፌ

ይቅር ባይ ሴት አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መጨረሻው ላይ እንባና መተቃቀፍ የሚጠብቅ ሰው ካለ እንዳያዝንብኝ ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። እኔ ግን ቂሜን ይዤ ስንት ዓመት ጸልያለሁ፣ ያውም ቂሜን እያነሳሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ነው። ያኔ በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ዶክተሩ የሚለውን ለበሽተኛው አስረዳለሁ። አባቴ አባይን ተሻግሮ የመጣ የጎጃም ሰው ነው። ገለታን፣ የወለጋን ልጅ፣ የሚሲዮን ሃይማኖት ያለውን ሰው አገባለሁ ስለው ዓመት ሙሉ አኩርፎኛል። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፣ አገባሁት።

እውነቱን ልናገርና ገለታን የወደድኩት በአረማመዱ ነው። አቡጀዲና ጥለት በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ነበር። ዛሬ አርጆ ነው፣ ከነገ ወዲያ ኡኬ። ሲሄድ አህያዋ ናት ኋላ የምትቀረው። ከሩቅ፣ ፊቱ ሳይለይ፣ በእርምጃው ብቻ አውቀው ነበር። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር፤ ሰው መልክ ይወዳል፣ ሀብት ይወዳል፣ አንቺ እግር ወደድሽ እያሉ።

ያንን እግር ነው ደምሴ የገደለው።

ደምሴ የኡኬ ገበያ መርፌ ወጊ ነው። ድሮ ወታደር ሳለ የጦር ሐኪም ሳጥን ይሸከም ነበር ይባላል። ከሳጥኑ ጋር ሙያውም የገባለት መሰለውና ነጭ ካፖርት አሰፍቶ፣ አንድ መርፌ ይዞ፣ ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። በሽተኛው ዛፉን አቅፎ ይቆማል፣ ደምሴ ከኋላው ይወጋዋል። ሰዉ «ሐኪም ደምሴ» ይለዋል፤ ሲያቆላምጡት ደግሞ «ቁባ ሚላ ገአ» ይሉታል። እግር ጣት ይደርሳል ማለት ነው።

ስሙ የመጣው እንዲህ ነው። ኮሶ ካልመረረ አያሽርም ተብሎ ያደገ አገር፣ መርፌም ካላቃጠለ መድኃኒቱ አልገባም ብሎ ያምናል። የደምሴ መርፌ ሲገባ ደግሞ እሳቱ ከመቀመጫ ተነስቶ በጭን፣ በባት አድርጎ እግር ጣት ድረስ ይሮጣል። ሰውየው ይጮኻል። ደምሴ «ጣትህ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። «ደረሰ» ሲባል «በቃ፣ ገብቷል» ይላል። ሕዝቡ ደስ ይለዋል። መርፌው ነርቭ ላይ እያረፈ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፣ ወይም እኛ እንደዚያ ነበር የሚመስለን።

ገለታ አንገር ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ኡኬ ሲደርስ አላስቆም አለው። ሚስቱ ድሬሰር የሆነች ሰው፣ ነቀምቴ እስኪደርስ መታገሥ ሲገባው፣ እንደማንም ሄዶ ያንን ዛፍ አቀፈ። ጮኸ፣ ጣቱ ደረሰ፣ ወደቀ። በገዛ አህያው ጭነው አመጡልኝ። ትኩሳቱ በረደ፤ ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች አይታዘዝም፣ የእግሩ መዳፍ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ጣቶቹን በእጄ ይዤ «ንቅንቅ አድርጋቸው» አልኩት። እያየኝ ሞከረ፣ ምንም የለም።

ዶክተራችን ፈረንጅ ቢሆንም ነገር ማስረዳት ይችልበታል። የነርቩ ሕዋስ ያለው ወገብ ውስጥ ነው አለኝ፤ ከዚያ ቀጭን ክር አውጥቶ እስከ እግር ጣት ይልካል። እንደ ዱባ ሐረግ አስቢው፣ ሥሩ ወገብ ላይ ነው፣ ጫፉ ጣት ላይ። መድኃኒቱ መሀሉን አቃጥሎታል፤ ከተቃጠለበት ወደ ታች ያለው ክር በሙሉ ይሞታል። ሥሩ ግን በሕይወት አለ። የሞተውን ክር ጠርገው ቤቱን ባዶ የሚያደርጉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ፤ ሥሩ አዲስ ቡቃያ ይልክና በዚያው በድሮ ቤቱ ውስጥ እየዳኸ ይወርዳል፣ በወር ሁለት ጣት ያህል። መንገዱን ጠባሳ ከዘጋው ግን እዚያው ተጠቅልሎ ይቀራል። ደግሞ ጡንቻው ብዙ ጊዜ ከጠበቀ ይሰልላል፣ እንግዳው ቢደርስም በር አይከፍትም።

«ይመለስለታል ወይ?» አልኩት።

«ለአንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ አይመለስም። መጠበቅ ነው» አለኝ።

ጠበቅን። ዶክተሩ ጭኑን ከኋላ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል። ቡቃያው የደረሰበት ቦታ ሲመታ ገለታን ወደ ታች ይነዝረዋል። በክረምቱ ጭኑ ላይ ነበር። ለመስቀል ጉልበቱ ጋ ደረሰ፤ ያን ቀን እቤት እልል ብያለሁ። ከዚያ ከጉልበቱ በታች አንድ ስንዝር ወረደና ቆመ። እኔ ማታ ማታ ባቱን መታሁ፣ ገለታ ራሱ መታ፣ ነዝሮት እንደሁ ፊቱን አያለሁ። ቆሟል፣ አልወረደም። ያ አህያ የሚቀድም ሰው ጭቃ እንደሚሻገር ጉልበቱን ከፍ እያደረገ፣ እግሩን እየጣለ የሚሄድ ሆነ። የወንድሙ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ጨርቅ መለካት ያዘ።

ኡኬ ድረስ ሄጄ ደምሴን ገበያ መሀል ጠየቅሁት። አንተ ሰው ምን አደረግኸው አልኩት። ካፖርቱን አራግፎ ለሰዉ «የመርፌዬ ጥፋት አይደለም፣ የቤታቸው ጣጣ ነው፤ ቃልቻ ዘንድ ትውሰደው» አለ። ሰዉ ሳቀብኝ። ዳኛ ዘንድ ከሰስን። እማኞቹ ቀርበው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? መርፌው እግር ጣት ደርሷል፣ ገለታ ሲጮኽ በጆሯችን ሰምተናል፣ ከዚህ የተሻለ አወጋግ የለም አሉ። ለእኔ ክስ ይሆናል ያልኩት ለእሱ ምስጋና ሆነለት። ከዳኛው ቤት ስወጣ ማልኩ፤ አንድ ቀን እጄ ይገባል፣ እግሩን እገድለዋለሁ አልኩ። ገለታ ሰምቶኛል። «አደራ» አለኝ።

እንግዲህ ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ።

ዓመት አልፎ ክረምቱ እየወጣ ነው። ዶክተሩ አርጆ በሽተኛ ሊያይ ሄዶ ወንዝ ሞልቶበት ቀርቷል። ረፋድ ላይ አራት ሰዎች በቃሬዛ በሽተኛ ይዘው ግቢ ገቡ። ከኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋ በጭቃ ርሶ ትከተላለች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ኦቦ ተሊላ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ ትከሻቸውን ሲያሹ እሳቸው ጎንበስ ብለው የበሽተኛውን ላብ በገዛ ጋቢያቸው ይጠርጋሉ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብለው ሰላም አሉኝ፤ «ሐኪማችን ነው የታመመው። ስንቱን ያዳነ ሰው ነው፣ እባክሽን።»

ጋቢውን ገለጥኩ። ደምሴ ነው።

ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አየኝ፣ አላወቀኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት ለካ እውነት ነው። እኔ የካፖርቱን ቁልፍ ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ እሱ ግን እኔን ከማንም አልለየኝም።

ወባ ነው። ክኒን ሰጠሁት፣ አስመለሰው። ደግሜ ሰጠሁት፣ አሁንም አስመለሰው። ዶክተሩ የሚያስመልሰውን በመርፌ እንድወጋ አዝዞኛል፣ ስለዚህ መውጋት አለብኝ። አልጋ ላይ በሆዱ አስተኙልኝ ብዬ መርፌውን ለማፍላት ወደ ጓዳ ገባሁ። ውሃው እስኪፈላ ድረስ እጄን አየሁት። ጌታዬ፣ እጄ ላይ ጣልከው አልኩ። ምስጋና ነበር፣ አልዋሽም።

ስመለስ ተሸካሚዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ሚስቱ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ደምሴ ፊቱን ትራሱ ላይ አድርጎ ተኝቷል። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ እንኳ ሙያውን ሊያስተምረኝ ፈለገ።

«የኔ ልጅ፣ ስትወጊ አትፍሪ» አለኝ። «ሴቶች ዳር ዳር ነው የምትወጉት። እግር ጣቴ ድረስ ይሰማኝ።»

እጁን ወደ ኋላ ላከና መቀመጫው ላይ፣ ከመሀል ዝቅ ብሎ፣ ጣቱን አስቀመጠ። የገለታ ጠባሳ ያለበት ቦታ ነው። አንድ ጥፍር እንኳ አልተሳሳተም።

«እዚህ ጋ» አለኝ።

«እዚያ ውጊው፣ እሱ ያውቃል» አሉ ኦቦ ተሊላ። ሌሎቹም ሐዬ፣ ሐዬ አሉ፤ እሺ በይ ማለታቸው ነው። ሚስቱም «እባክሽ እህቴ፣ እንዳለሽ አድርጊለት» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱ። ባለቤቱ በጣቱ አሳይቶኛል። ሚስቱ ለምናኛለች። አራት እማኝ ቆሟል፤ ቢጮኽ ጣቱ ደረሰ ብለው ደስ የሚላቸው እማኞች። ዳኛ ዘንድ ብቀርብ የሚያመሰግኑኝ ናቸው። እኔ ማድረግ ያለብኝ መታዘዝ ብቻ ነው። ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክሬ ጣቱ ያረፈበትን ቦታ ጠረግሁት። ቆዳው ሲቀዘቅዘው ጡንቻው ተኮማተረ። መርፌውን አነሳሁ።

አሁን የምነግራችሁን ርኅራኄ ነው እንዳትሉ። ርኅራኄ አልነበረም። መርፌው ቆዳው ላይ ሊያርፍ ሲል የዶክተሩ ቃል ትዝ አለኝ፤ ለአንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ያለው። ብወጋውና ለዚህ ሰው ቢመለስለትስ? የእሱ ሥር የበረታ ቢሆንስ? ቡቃያው ገለታ ባት ላይ የቆመበትን መንገድ ለእሱ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ጣቱ ቢደርስስ? በዓመቱ በሁለት እግሩ ኡኬ ገበያ ሲንጎራደድ ማየት ነው ትርፌ። በነርቭ ላይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ያድጋል። ከዚህ ሰው ላይ ተቆርጦ የማያድግ ነገር ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ። አገኘሁት። ስሙ ነው።

እስከዚያ ድረስ እንደማንኛውም በሽተኛ እርስዎ እለው ነበር።

«ደምሴ» አልኩት፣ «እዚህ ጋ ልውጋህ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ።»

«ነጋዴውን ገለታን የወጋኸው እዚሁ ላይ ነበር?»

ትከሻው ደነገጠ። ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረና በአንድ ዓይኑ አየኝ። አሁን አወቀኝ። መርፌውን ፊቱ ፊት አድርጌ አየር አስወጣሁ፣ አንዲት ጠብታ ትራሱ ላይ ጠብ አለች።

«የገለታ ሚስት ነኝ። አንተ ባሳየኸኝ ቦታ እወጋሃለሁ፣ ሰዎችህ እማኝ ናቸው። ልውጋ?»

ተሸካሚዎቹ ምን እንደምንባባል አልገባቸውም። አንደኛው ሰውየው ሊሞት ነው፣ ምን ታስጠብቂዋለሽ ብሎ ተቆጣኝ። ሚስቱም «ዝም የምትለው ለምንድን ነው፣ እሺ በላት እንጂ» አለችው። ጥጡን አንስቼ ያንኑ ቦታ እንደገና ጠረግሁት፣ ብርዱ እንዲሰማው ብዬ። ከዚያ የመርፌውን ጫፍ ቆዳው ላይ አሳረፍኩ፣ አልገፋሁትም።

«እዚያ አይደለም» አለ ወደ ትራሱ።

«አልሰማሁህም።»

«እዚያ አይደለም። ከላይ፣ ወደ ጎን።»

«ለምን? ጣትህ አይደርስማ።»

«እግር ይሞታል» አለ። «እዚያ ከተወጋ እግር ይሞታል። ታውቂ የለ፣ ምን ታስለፈልፊኛለሽ?»

መርፌውን ከቆዳው ላይ አነሳሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደምሴ ለእኔ ደንቆሮ ነበር። በጥላቻዬ ውስጥ እንኳ ይህችን ያህል ቦታ ትቼለት ነበር፤ ባለማወቁ ነው የሚል። ለካ ያውቃል። የሰዉን ጩኸት ስለወደደው፣ ስሙን ስለወደደው፣ እያወቀ ነው የወጋው። ለእኔም ጣቱን እዚያ ያስቀመጠው ሰዎቹ እንዲሰሙት ነው፤ የክሊኒክ ድሬሰር እሺ ብላ እዚያ እንደማትወጋ ያውቃል።

ከግድግዳው ጋ ኦቦ ተሊላ ወደ አልጋው ቀረቡ። ጋቢያቸው በደምሴ ላብ ርሷል።

«የኔ ልጅስ?» አሉት። «ጫልቱስ? እግሯን ቡዳ በልቶት ነው ያልከኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴን ስረግም የኖርኩት፣ አንተ ነህ?»

ደምሴ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። ሽማግሌው ዱላቸውን አነሱ፤ ልብ አድርጉ፣ አልመቱትም። በሩን ከፍተው ወጡ። ሦስቱ ተከተሏቸው።

እኔ ወጋሁት። ከላይ፣ ወደ ጎን፣ እንደ ደንቡ። አልተሰማውም መሰለኝ። መድኃኒቱ የነቀምቴ ነው፣ የሚያድን ነው፣ አዳነውም። ግን ሲድን እግሬ ይንቀሳቀስ ይሆን ብሎ ሲፈራ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ባለፍኩ ቁጥር ብርድ ልብሱ ሥር ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ደህና ነህ፣ ነርቭህን አልነካሁትም ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። ሚስቱ ብትጠይቀኝም የሚሆነውን ታዩታላችሁ አልኳት።

ማታ ከሥራ ስወጣ ቃሬዛው ደጁ ላይ ተደግፎ አየሁት። አራቱ ሰዎች ጥለውት ሄደዋል። በእኛ አገር የቆሰለ ጠላትም ቢሆን ይሸከሙታል። በሽተኛ አምጥቶ ቃሬዛውን ጥሎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የወለጋ ሰው ያውቀዋል፤ ከእንግዲህ ብትሞትም ለራስህ ማለት ነው። ደምሴ ትኩሳቱ ሲለቀው ወደ ኡኬ የተመለሰው ሚስቱን አስከትሎ፣ በእግሩ ነው። በሁለት ደህና እግሩ።

ያን ማታ ገለታ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ነበር።

«ወጋሽው?» አለኝ ገና ከደጅ።

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቡቃያው ያሰብኩትን፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ጫልቱ አባት። ይገባዋል ብዬ ነበር። ሰማኝና «እግሩን ትተሽለት መጣሽ» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ስንት ቀን አላናገረኝም። እኔም በበኩሌ ተናደድኩበት፤ አደራውን የበላሁ መሰለው፣ እኔ ደግሞ ከእግር የሚበልጥ ነገር የቆረጥኩለት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ የኡኬ ገበያ ቀን ማለዳ ተነሳና በቅሎ ለምኚልኝ አለ።

ዋርካው ሥር ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው አልነበረም። ኦቦ ተሊላ ወሬውን ከደጅ ደጅ አዳርሰውታል፤ እግራቸው የሚጎተት ልጆች ያሏቸው ሌሎች ወላጆችም ተገኙ፤ ደምሴን የሚያስጠጋው ጠፋ። ሐኪም የሚለው ቀርቶ እግዜር ይስጥልኝ የሚለው አልነበረም። ገለታ በዚያው ዛፍ ሥር አቡጀዲውን ዘርግቶ ተቀመጠ። ግራ ጫማውን አውልቆ እግሩን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው። መርፌ ካላቃጠለ አልገባም የሚል ሰው ሲመጣ «ና እይ፣ የኔ ገብቷል» ይለዋል።

አሁን ምን ለወጠሽ ብትሉኝ ይህን እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ያስተማርኳቸው ድሬሰሮች ሁሉ መጀመሪያ የሚማሩት መቀመጫን በአራት ከፍሎ የላይኛውን የውጭ ጥግ መያዝ ነው፤ ካላወቁ እጃቸውን እመታቸዋለሁ። ቡቃያ ሆኖ መንገዱን ያጣ ነርቭ በቆመበት ተጠቅልሎ ሲያም ይኖራል ብሎኝ ነበር ዶክተሩ። ቂምም እንደዚያው ነው። የኔ አሁንም ከጉልበቴ በታች አንድ ስንዝር ላይ ቆሞ ያመኛል። ደርሶ ቢያርፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልደረሰም።

ደምሴ በኋላ በርበሬ መነገድ ጀመረ። ጆንያውን ተሸክሞ ገበያ ለመግባት በዚያ ዋርካ ሥር ማለፍ ግዴታው ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ባለፈ ቁጥር ገለታ ያቆመዋል። አንድ ቀን እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻቸዋለሁ።

«ደምሴ፣ ጣትህ ይሰማሃል?» አለው።

ሰዉ ከቦ ያያል። ደምሴ ጆንያውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ይሰማኛል» አለ።

«የኔ አይሰማኝም» አለው ገለታ፣ «በል ሂድ፣ በሚቀጥለው ገበያ እጠይቅሃለሁ።»